ሰውየው ተፈቷል፣ መኪናው ግን ጣቢያ ነው፦ ጠጥቶ በማሽከርከር የተያዘ ተሽከርካሪ እንዴት ይለቀቃል?

ጠጥቶ ሲያሽከረክር ከተያዘ ሰው ጋር መኪናውም ጣቢያ ይገባል። ቤተሰብ ወሬው እንደደረሰው ዋስ ያፈላልጋል፣ ወዲያ ወዲህ ብሎ ሰውየውን ያስፈታል፤ ከዚያ ቁልፉን ሲጠይቅ መኪናው ገና እንደማይወጣ ይነገረዋል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የሚታየው ግራ መጋባት፣ አልፎ አልፎም ጭቅጭቅ፣ በብዛት የሚነሣው የሰውየው መፈታትና የመኪናው መለቀቅ አንድ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታሰብ ነው። ሰውየው የሚወጣው በዋስትና ነው፤ መኪናው የሚወጣው ደግሞ የተያዘበት ምክንያት ሲያበቃ ነው፣ ያም ምክንያት ከአሽከርካሪው መስከር ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጣቢያ የደረሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት መኪናው ለምን እንደተያዘና መዝገቡ በየትኛው መርማሪ እጅ እንዳለ ነው።

ምክንያቶቹ በጥቅሉ ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ አሽከርካሪው ከመሪ እንዲወርድ ሲደረግ መኪናውን የሚነዳ ሌላ ሰው ባለመኖሩ፣ መንገድ ላይ ትቶ መሄዱም አደጋ ስለሚሆን፣ ለደኅንነት ሲባል ወደ ጣቢያ ግቢ የሚገባበት ነው። ሁለተኛው፣ ግጭት ወይም የሰው ጉዳት ስለደረሰ መኪናው ራሱ ማስረጃ፣ በጣቢያ ቋንቋ «ኤግዚቢት»፣ የሚሆንበት ነው። ሦስተኛው፣ መኪናው ከቆመ በኋላ ሌላ ጉድለት ሲገኝበት ነው፤ ቦሎው ጊዜው አልፎበታል፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የለውም፣ ታርጋው ከሊብሬው ጋር አይጣጣምም፣ ወይም ያልተከፈለ የቆየ ቅጣት አለበት። ሦስቱ በአንድ መኪና ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ግን የሚፈታው በተለያየ ሰውና በተለያየ ወረቀት ነው።

የመጀመሪያው ከሁሉም ቀላሉ ነው። ማንም ካልተጎዳ፣ ምንም ካልተገጨ፣ ወረቀቱም የተሟላ ከሆነ፣ ያልጠጣና ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከባለንብረቱ ጋር ወይም በባለንብረቱ ውክልና ቀርቦ መኪናውን መረከብ ይችላል። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ፤ አይሱዙ ለማስወጣት የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ያለው ወንድም ይላካል፣ ባጃጅ ለማስወጣት ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ያልታደሰ ጎረቤት። መንጃ ፈቃዱ ከተሽከርካሪው ምድብ ጋር ካልገጠመ መኪናውን የሚያስረክብ ፖሊስ ራሱ ሕግ እየጣሰ ነውና አለመልቀቁ ትክክል ነው።

አሽከርካሪው ራሱ ጠዋት ተነሥቶ «አሁን በርዶልኛል፣ እኔው ልንዳው» ቢልስ? በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ወሰን በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል ነው፤ በትንፋሽ ሲለካ ወደ 0.4 ሚሊ ግራም በሊትር ይጠጋል። የሰው ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው ቀስ ብሎ ነው፤ በአማካይ በሰዓት 0.15 ግራም በሊትር ያህል። እኩለ ሌሊት ላይ 1.6 የነበረ ሰው ከወሰኑ በታች የሚወርደው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ደሙ ከአልኮል ጨርሶ የሚጠራው ግን እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ የደሴ የሌሊት ብርድ፣ እነዚህ ሁሉ ያነቁ እንደሆነ እንጂ ይህን ፍጥነት አይለውጡትም። በወሎ ከተሞች በተለይ መነሣት ያለበት ከጫት በኋላ ለጨብሲ የሚጠጣው ነው፤ ምርቃናው ስካሩን ይሸፍነዋል፣ ሰውየው ዓይኑ ፈጦ፣ አንደበቱ ተፍታቶ «ደኅና ነኝ» ይላል፣ መለኪያው ግን የሚቆጥረው በደሙ ውስጥ ያለውን አልኮል ብቻ ነው። በቤት የሚጠመቅ መጠጥም ጠርሙስ ላይ የተጻፈ ልክ የለውም፤ የአንዱ ቤት ጠላ ከሌላው ቤት ጠላ በእጥፍ ሊከብድ ይችላል፣ አረቄ ደግሞ በአንድ መለኪያ ብቻ ብዙ ያደርሳል። መርማሪው ለአሽከርካሪው ለራሱ ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት እንደገና ልለካህ ቢል ወይም ሌላ ሹፌር አምጣ ቢል መከፋት አይገባም። በመጀመሪያው ምርመራ የተገኘውን ውጤትና የተለካበትን ሰዓት በጽሑፍ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው፤ በኋላ ክርክር ከተነሣ ጉዳዩ የሚዞረው በዚያች ወረቀት ላይ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚበላው ነገር ቦታውን ማጣራት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም አንድ ፖሊስ ብቻ የሚቆጣጠረው አይደለም። በዚህ አካባቢ የተያዘ መኪና እንደተያዘበት ስፍራ በደሴ ከተማ፣ በደሴ ዙሪያ ወረዳ፣ በቃሉ ወረዳ ወይም በኮምቦልቻ ከተማ ፖሊስ ሥር ሊሆን ይችላል። ሰውየው በአንዱ ጣቢያ አድሮ መኪናው፣ መጎተቻው ስለቀረበለት ወይም ግቢው ሰፊ ስለሆነ፣ በሌላው ሊቆም ይችላል። ደሴ ላይ ሲዞሩ ከመዋል ለታሰረው ሰው «የያዘህ ትራፊክ ከየት ነው? ቁልፉን ማን ተረከበ?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የተያዘ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ስለሰጠው፣ ቤተሰብ ገብቶ ይህን ቢጠይቅ መብቱ ነው እንጂ ልዩ ውለታ አይደለም።

ስለሰውየው መፈታት በአጭሩ ይህን ማለት ይበቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የመያዙ ምክንያት ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ ያለመናገር መብት አለው፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 28 ደግሞ ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስከትል ሲሆን መርማሪው ፖሊስ ራሱ በዋስ ወይም ያለ ዋስ እንዲለቅ ይፈቅድለታል። ጉዳት ሳይደርስ ጠጥቶ በማሽከርከር ብቻ የተያዘ ሰው ብዙም ሳይቆይ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቅጣቱን በተመለከተ፣ የትራፊክ ደንቦች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ሰው ካወራው መጠን ይልቅ በክሱ ወረቀት ላይ የተጠቀሰውን ደንብና አንቀጽ ማንበብ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው መሰናክል እንምጣ፤ እርሱም ወረቀት ነው። መኪና የሚረከብ ሰው መታወቂያውን፣ ሊብሬውን፣ የዘመኑን ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ማስረጃውንና የሚያስወጣውን ሹፌር መንጃ ፈቃድ ይዞ መቅረብ አለበት። በንግግር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በከተሞቻችን ከሚንቀሳቀሱት መኪኖች ብዙዎቹ «ስማቸው ያልዞረ» ናቸው፤ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ውክልና ተቀብሎ፣ ሊብሬው ግን በመጀመሪያው ባለቤት ስም እንዳለ ዓመታት ያሽከረክራል። የመጀመሪያው ባለቤት አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም መኪናው በሁለትና በሦስት ሰው እጅ አልፎ ውክልናው ራሱ በውክልና ላይ የተሰጠ ውክልና ሆኖ ይገኛል። ይህ ሁሉ በሰላሙ ቀን ማንንም አያስቸግርም። መኪናው ጣቢያ የገባ ዕለት ግን መርማሪው ሊብሬውን ገልጦ «እገሌ ማነው? እሱ ይምጣ» ይላል፤ ይህን ማለቱም ስሕተት አይደለም፣ ምክንያቱም መኪናውን ለማይገባው ሰው አስረክቦ ቢገኝ ተጠያቂው እርሱ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚያድነው የውክልናው አጻጻፍ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚሸፍንና ከዚያ ላለፈ ነገር ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። የተያዘ ንብረትን መረከብ ከአስተዳደር ሥራ የሚቆጠር ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ በጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ግን እንዲህ ያለው ክርክር ሩቅ አያስኬድም፣ የሚፈለገው በግልጽ የተጻፈ ቃል ነው። «ተሽከርካሪውን ከፖሊስ፣ ከፍርድ ቤት፣ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና ከማንኛውም ሦስተኛ ወገን በስሜ እንዲረከብልኝ፣ ማመልከቻ እንዲያቀርብልኝና እንዲፈርምልኝ» የሚል ሐረግ ያለበት፣ ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው አካል የተረጋገጠና የታርጋ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ የሆነ ውክልና ከሆነ ነገሩ በአብዛኛው በዚያው ቀን ያልቃል። ከቁጥሮቹ አንዲት አኃዝ ተሳስታ ከሆነ ግን ተመልሶ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ወካዩ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ በመሠረቱ ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃልና ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ካልቀረቡ ገዢው የገዛውን መኪና በአጥር ቀዳዳ ሲያይ ሊከርም ይችላል። በባንክ ብድር የተገዛ መኪና ከሆነ ዋናው ሊብሬ ባንክ ነው፤ የተረጋገጠ ቅጂና የባንኩን ደብዳቤ ማምጣት ያስፈልጋል። የድርጅት መኪና ከሆነ የሚቀርበው ተወካይ ማኅተም ያለበት የድርጅቱን ደብዳቤ ይይዛል።

ለባጃጅ ባለቤቶች የተለየ ቃል ያስፈልጋል። በሁለቱም ከተሞች ባጃጁ የአንዱ፣ ሹፌሩ ሌላ ነው፤ ሹፌሩ የቀን ገቢ ያስገባል፣ ባለቤቱ ደግሞ ቤቱን በዚያ ያስተዳድራል። ሹፌሩ ጠጥቶ ሲያዝ ባለቤቷ፣ ብዙ ጊዜ ከዕቁብና ከብድር አጠራቅማ የገዛች ሴት ናት፣ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ትላለች። በወንጀል በኩል እውነቷን ነው፤ የወንጀል ተጠያቂነት የግል ስለሆነ የሹፌሩ ጥፋት እርሷን ወንጀለኛ አያደርግም። በፍትሐ ብሔር በኩል ግን የሕጉ አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ተሽከርካሪውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ ጉዳት በሌለበት ጉዳይ «ባለቤት ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ሌላ ሹፌር ይዤ መጥቻለሁ» ብላ በጽሑፍ ማመልከት ይጠቅማታል፤ ጉዳት በደረሰበት ጉዳይ ግን ከተበዳይ ጋር የሚደረገው የካሣ ጉዳይ ውሎ አድሮ ወደ እርሷ እንደሚመጣ አውቃ መዘጋጀት አለባት። የሹፌሩን ቅጣት እርሷ እንድትከፍል የሚያስገድዳት ነገር መኖር አለመኖሩን ግን ደረሰኙ በማን ስም እንደተጻፈ አይታ ትጠይቅ።

ግጭት ወይም የሰው ጉዳት ካለ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መኪናው የሚታየው እንደ ማስረጃ ነው፤ ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱና ጎማው በባለሙያ ይመረመራሉ፣ የግጭቱ ምልክት ፎቶ ይነሣል፣ የቦታው ፕላን ይሠራል። ይህ ሳይጠናቀቅ መኪናው ቢወጣና ጋራዥ ቢገባ ማስረጃው ይጠፋል፤ ያ ደግሞ አሽከርካሪውን ራሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ፍሬኑ በድንገት እምቢ እንዳለው የሚከራከር ከሆነ የሚያስረዳለት መኪናው ነውና። ምርመራው ካለቀ በኋላ ግን መኪናው ግቢው ውስጥ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት የሚቆይበት በቂ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይኖርም። ባለንብረቱ የቴክኒክ ምርመራው መጠናቀቁን ጠቅሶ፣ መኪናው ፎቶ ተነሥቶ መዝገቡ ላይ እንዲያያዝ፣ ሲፈለግም ሊያቀርብ ግዴታ ገብቶ እንዲረከብ ለመርማሪው ወይም ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ማመልከቻው የሚቀርበው መዝገቡን ለያዘው ችሎት ነው። በቃል የተጠየቀ ነገር በቃል ይረሳል፤ ቀንና ፊርማ ያለበት ማመልከቻ፣ ገቢ የተደረገበት ቅጂ በእጅ ሲቀር፣ መልስ ማስገኘት አይከብደውም።

ሰው ከሞተ ግን ከመኪናው በፊት ሰውየውን ማሰብ ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ንኡስ አንቀጽ 3 ላይ፣ አልኮል ወይም አደንዛዥ ነገር ወስዶ ራሱን ኃላፊነት በማይሰማው ሁኔታ ውስጥ አስገብቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ያስቀጣዋል። ጣሪያው 15 ዓመት መሆኑ ለዋስትናም ትርጉም አለው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ዋስትናን ስለሚከለክል፣ ዋስ ይዞ የሄደ ቤተሰብ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ባለ ጉዳይ ስለመኪናው መለቀቅ ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ጠበቃ ማነጋገር ይቀድማል።

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት፣ በሚሌ በኩል ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት የሚደርስባት ከተማ ስለሆነች፣ የከባድ መኪና ጉዳይም ተለይቶ መታየት አለበት። የተሳቢው ሹፌር ሲያዝ የሚቆመው መኪናው ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ጭነትም አብሮት ይቆማል። የጭነቱ ባለቤት መኪናውን ማስለቀቅ ባይችል እንኳ ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና እንዲዛወር ማመልከት ይችላል። ነገር ግን ኮንቴይነሩ ፕሎምፕ (የጉምሩክ ማሸጊያ) የታሰረበትና በዲክላራሲዮን (በጉምሩክ የዕቃ መግለጫ ሰነድ) የሚጓዝ ከሆነ ማንም ተነሥቶ ሊከፍተው አይገባም፤ ለጉምሩክ ማሳወቅና ዝውውሩ በጉምሩክ ሠራተኛ ፊት እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። የትራንስፖርት ድርጅቶች በመኪናው ሁለተኛ ሹፌር ቢኖራቸው ወይም ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ የሚደርስ ሰው ቢያዘጋጁ ከብዙ ጣጣ ይድናሉ።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ነገር ጠንከር ተደርጎ መነገር አለበት። ቅጣትም ይሁን የመጎተቻ ወይም የማቆያ ክፍያ የሚከፈለው በደረሰኝ ወይም በባንክ በኩል ነው፤ «ለግቢው»፣ «ለጠባቂው» ተብሎ በእጅ የሚጠየቅ ነገር ካለ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ሰው ከሕግ ውጭ ነው፣ ለጣቢያው ኃላፊ ወይም ለቅሬታ ሰሚ አካል መቅረብ ይችላል። ኢንሹራንስን በተመለከተ ደግሞ፣ ሙሉ ዋስትና የገዛ ሰው አሽከርካሪው ሰክሮ የደረሰን የራሱን መኪና ጉዳት ኩባንያው ይከፍለኛል ብሎ ተስፋ ከማድረጉ በፊት የውሉን «የማይሸፈኑ ጉዳዮች» ክፍል ያንብብ፤ ስካር ብዙ ጊዜ እዚያ ተዘርዝሮ ይገኛል። የሦስተኛ ወገን መድን የተቋቋመው ግን ለተጎጂው ነው፤ ስለዚህ ግጭቱን ለኩባንያው ሳያሳውቁ መቆየት ትልቅ ስሕተት ነው።

በመጨረሻም ርክክብ አለ። መኪናው ሲገባ በዝርዝር ከተመዘገበ ሲወጣ ክርክር አይኖርም፤ ስለዚህ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን ሲደርስ የርክክብ ቅጹ እንዲታይለት መጠየቅ አለበት። ምን ያህል ኪሎ ሜትር ቆጥሯል፣ ባትሪው አለ ወይ፣ ተቀያሪው ጎማና ክሪኩስ፣ ስፖኪዮዎቹ ሙሉ ናቸው ወይ፣ የነዳጅ መለኪያው የት ላይ ነው፣ ውስጡ ምን ዕቃ ቀርቷል? ካልተመዘገበ በፖሊሱ ፊት ፎቶ ለማንሣት ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። መድኃኒት፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም የሌላ ሰው ዕቃ ውስጥ ካለ፣ ለምርመራው የሚፈለግ እስካልሆነ ድረስ ቀድሞ እንዲወጣ መጠየቅ ይገባል። በመውጫው ቀን ደግሞ «በሙሉ ተረክቤአለሁ» በሚለው ላይ ከመፈረም በፊት መኪናውን መዞር፣ የጎደለ ወይም የተጎዳ ነገር ካለ ከፊርማው በላይ በእጅ ጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል፤ ከበሩ ከወጡ በኋላ የሚነሣ ቅሬታን ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው። ለሳምንታት የቆመ መኪና ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይላላል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊያፈስ ይችላል። ደሴ ላይ የተለቀቀ መኪናን በዚያው ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ይዞ መግባት አይገባም፤ መካኒክ ጠርቶ ፍሬኑን በደልዳላ ቦታ ማስፈተሽ፣ የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘም እስከ ጋራዥ ማስጎተት ነው።